ያረጀችው መንጠቆና የሒሳብ መዝገቡ፦ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ትርፍና ሥጋት እንዴት ይነበባል?

ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ማለዳ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል በቆመ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶ ላይ አንዲት የብረት መንጠቆ ተበጠሰች። በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት። ወደ 100 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ገመዱን የያዘውንና ኤሌክትሪክ ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ የሚከላከለውን ኢንሱሌተር አንጠልጥላ ኖራለች። ነፋስ ባወዛወዛት ቁጥር ከተሰቀለችበት ቀዳዳ ጠርዝ ጋር እየተፋተገች፣ ብረቱ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። ስትበጠስ ኤሌክትሪክ የተሸከመው ገመድ የምሰሶውን ብረት ነካ፤ የቀለጠ ብረትም ከሥሩ ባለው የደረቀ ሣር ላይ ተንጠባጠበ። ፓራዳይዝ የምትባለው ከተማ በዚያው ቀን አመድ ሆነች። 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ18,000 የሚበልጡ ቤቶችና ሕንፃዎች ወደሙ። የመስመሩ ባለቤት ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ፣ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። በ2020 ደግሞ በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛነቱን በችሎት ፊት አመነ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኤሌክትሪክ ኩባንያ አክሲዮን ለረጅም ዘመን ከሥጋት የራቀ ሀብት ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል። ጡረተኞች ጥሪታቸውን ያሳርፉበታል፤ የጡረታ ፈንዶች በብዛት ይይዙታል። ኑሮ የከበደበት ሰው አዲስ ልብስ መግዛት ይተው ይሆናል እንጂ መብራት አያስቆርጥም። ተወዳዳሪ የለም። ዋጋውንም የሚያጸድቀው የመንግሥት ኮሚሽን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ኩባንያ እንዴት ይከስራል? የዚህ ዓይነት ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያች መንጠቆ ይመለሳል። መንጠቆዋ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ የት ነበረች? ስንት ታወጣ ነበር? ለባለአክሲዮኖቹስ ምን ታስገኝ ነበር? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ አንባቢ የኩባንያውን ትርፍም ሥጋትም አብሮ ይረዳል።

ስምምነቱ

ነገሩ የሚጀምረው ከገመዱ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ኩባንያዎች ጎን ለጎን ምሰሶ ቢተክሉና ትራንስፎርመር ቢሰቅሉ ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ለነዋሪው የሚደርሰው መብራት ግን ያው ነው። ስለዚህ አንዱ ብቻውን ቢሠራ ይረክሳል። ብቻውን የሚሠራ ነጋዴ ደግሞ ዋጋውን እንዳሻው ይቆልላል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው ስምምነት እንዲህ ይላል፦ መንግሥት ለኩባንያው የአገልግሎት ክልሉን ለብቻው ይሰጠዋል፤ ኩባንያውም በክልሉ ውስጥ መብራት ለጠየቀ ሁሉ የማቅረብ ግዴታ ይገባል፤ ታሪፉን የሚወስነው ግን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይሆናል። ኒውዮርክና ዊስኮንሲን እንዲህ ያለ ኮሚሽን ለኤሌክትሪክ ያቋቋሙት በ1907 ነው። ቁጥጥሩ ይምጣ ብለው ቀድመው ከተሟገቱት አንዱ የቺካጎው የኤሌክትሪክ ባለሀብት ሳሙኤል ኢንሱል መሆኑ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። እሱ ግን ስሌቱ ገብቶት ነበር፤ ክልሉ የተጠበቀለት ኩባንያ በርካሽ ይበደራል።

ኮሚሽኑ ታሪፍ ሲያወጣ ሁለት ወገን ይጠብቃል። ደንበኛው እንዳይበዘበዝ፣ ባለሀብቱም እንዳይሸሽ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 ሆፕ በተባለው የተፈጥሮ ጋዝ ኩባንያ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። የባለአክሲዮኑ ገቢ ተመሳሳይ ሥጋት ካለባቸው ሌሎች ሥራዎች ጋር የሚመጣጠን፣ የኩባንያውን የገንዘብ ጤንነት የሚጠብቅና አዲስ ካፒታል ለመሳብ የሚበቃ መሆን አለበት ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኮሚሽኑ የሚሰጠው ትርፉን የማግኘት ዕድል ነው፤ ታገኛለህ የሚል ዋስትና አይሰጥም። ከዚህ በታች የምንመለከተው ሥጋት በሙሉ በዕድልና በዋስትና መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ የሚኖር ነው።

ዋጋው እንዴት ይሰላል?

አንድ ኩባንያ በምናባችን እናቁም። ምሰሶው፣ ገመዱ፣ ማመንጫውና ማከፋፈያ ጣቢያው ተደምሮ፣ የእርጅና ቅናሽ (ንብረቱ በማርጀቱ በየዓመቱ ከዋጋው ላይ የሚነሳው) ከተቀነሰ በኋላ፣ በመዝገብ ላይ 1 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በብድር፣ ግማሹ በባለአክሲዮኖች ገንዘብ የተሠራ ነው። ብድሩ 5 በመቶ ወለድ ይከፈልበታል፤ ኮሚሽኑ ለባለአክሲዮኖች የፈቀደው ደግሞ 10 በመቶ ነው።

እንግዲህ ኩባንያው በዓመት ምን ያህል መሰብሰብ አለበት? ለነዳጅ፣ ለደመወዝና ለጥገና 300 ሚሊዮን። ለእርጅና ቅናሽ 40 ሚሊዮን። ለግብር 15 ሚሊዮን። ለወለድ 25 ሚሊዮን። ለባለአክሲዮኖች ትርፍ 50 ሚሊዮን። ድምሩ 430 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ደንበኞቹ በዓመት 4.3 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት እንደሚጠቀሙ ከተገመተ፣ ታሪፉ በኪሎዋት ሰዓት 10 ሳንቲም ይሆናል። እውነተኛው የታሪፍ ክርክር በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችና በርካታ ወራት ይፈጃል፤ አጥንቱ ግን ይኸው ነው።

አሁን አሃዞቹን ደግመን እንያቸው። ለነዳጅ፣ ለደመወዝና ለጥገና የሚወጣው 300 ሚሊዮን ወጪው ብቻ ነው የሚመለሰው፤ አንድ ሳንቲም ትርፍ አይጨመርበትም። ትርፍ የሚወለደው ከንብረቱ ብቻ ነው። መብራት መሸጥ የገንዘቡ መሰብሰቢያ መንገድ ሲሆን፣ የትርፉ ምንጭ ግን መሬት ላይ የተተከለው ካፒታል ነው። ኩባንያው 100 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያ ቢሠራና ኮሚሽኑ ቢቀበለው፣ የባለአክሲዮኖቹ ትርፍ በዓመት በ5 ሚሊዮን ያድጋል። ምንም ባይሠራ ደግሞ ንብረቱ በእርጅና ቅናሽ ወደ 960 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ትርፉም ወደ 48 ሚሊዮን ዝቅ ይላል። የእነዚህ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ለባለሀብቶች በሚያቀርቡት ገለጻ ከሽያጭ ይልቅ ስለ ካፒታል ዕቅዳቸው ደጋግመው የሚናገሩት ለዚህ ነው። ሃርቬይ አቨርችና ሌላንድ ጆንሰን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህ አሠራር ኩባንያዎችን ከሚያስፈልገው በላይ ካፒታል ወደ ማፍሰስ እንደሚገፋ በ1962 በስሌት አሳይተዋል።

ወደ መንጠቆዋ እንመለስ። 100 ዓመት ሊሞላት የተቃረበው መንጠቆ የእርጅና ቅናሿ ገና ዱሮ አልቋል። በመዝገብ ላይ ዋጋዋ ዜሮ ነው። ዋጋ የሌለው ንብረት ትርፍ አያስገኝም። ምሰሶው ላይ ወጥቶ የሚመረምራት ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከሥራ ማስኬጃ ወጪ ውስጥ ነው፤ ያም ትርፍ የለውም። ይባስ ብሎ፣ ኮሚሽኑ ታሪፉን አንድ ጊዜ ካጸደቀ በኋላ እስከሚቀጥለው ክርክር ድረስ ዋጋው አይነካም። በዚህ መሀል ከጥገና በጀት የተቆጠበ እያንዳንዱ ዶላር ቀጥ ብሎ ወደ ትርፍ ይገባል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ኮሚሽኖች የጥገናን ገንዘብ ለብቻ ይከታተላሉ፤ ጥሩ ኩባንያዎችም ብዙ ናቸው። የማበረታቻው አቅጣጫ ግን ይህ ነው፤ ሪፖርት የሚያነብ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። በእኔ ግምት የዘርፉ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው፦ አዲስ ነገር ለሠራ ይከፈላል፤ ያለውን ለጠበቀ ግን አይከፈልም።

የተፈቀደውና የተገኘው

ወደ ምናባዊው ኩባንያችን እንሂድ። ክረምቱ ለዘብ ብሎ ሰዎች ማሞቂያ እምብዛም አልተጠቀሙም፤ ሽያጩ በ5 በመቶ ወረደ እንበል። ገቢው በ21.5 ሚሊዮን ይቀንሳል። ከ300 ሚሊዮኑ ውስጥ ነዳጅ 120 ሚሊዮን ቢሆን፣ ከነዳጅ የሚቆጠበው 6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ምሰሶው፣ ደመወዙና ወለዱ ግን ክረምቱ ለዘበ ብለው አይቀንሱም። ስለዚህ ግብሩን ሳንነካ እንኳ ትርፉ ከ50 ወደ 34.5 ሚሊዮን ይወርዳል። ኮሚሽኑ የፈቀደው 10 በመቶ ነበር፤ የተገኘው 6.9 በመቶ ሆነ። የ5 በመቶ የሽያጭ መቀነስ ከትርፉ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ወሰደ።

ሪፖርቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ፈልጉ የምለው ይህን ልዩነት ነው፤ የተፈቀደው ስንት፣ የተገኘውስ ስንት? በአሜሪካ የተፈቀደው አማካይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ወለድ ሰማይ በነካበት ዘመን፣ 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ነው። አንድ ኩባንያ በየዓመቱ ከተፈቀደለት በታች የሚያገኝ ከሆነ ወይ ወጪውን መቆጣጠር አቅቶታል፣ ወይ ከኮሚሽኑ ጋር አልተግባባም፣ ወይም የዋጋ ንረቱ ከታሪፍ ክርክሩ ይበልጥ ይፈጥናል። የመጨረሻው ብዙዎች የሚያቃልሉት ነው። ወጪ ዛሬ ይወጣል፤ ታሪፉ የሚስተካከለው ግን ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው። የዋጋ ንረት በበረታበት ዘመን ያ መዘግየት ራሱ ኪሳራ ነው።

የኒውዮርኩ ኮንሶሊዴትድ ኤዲሰን በ1974 የደረሰበት ለዚህ ሁነኛ ምስክር ነው። የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት ሲንር ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ ለአሥርት ዓመታት ሳያቋርጥ ሲከፍል የኖረውን የትርፍ ድርሻም ሳይከፍል አለፈ። አክሲዮኑ ወደቀ፤ ድንጋጤው ለመላው ዘርፍ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ኮሚሽኖች የነዳጅ ዋጋ ለውጥ ያለ ሙሉ ክርክር ወደ ደንበኛው ሒሳብ የሚተላለፍበትን ስልት ተቀብለዋል። ካሊፎርኒያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። የተሸጠው ኪሎዋት ሰዓት ቢያንስም ቢበዛም ኩባንያው የተፈቀደለትን ገቢ እንዲሰበስብ፣ ልዩነቱ በሚቀጥለው ዓመት ታሪፍ ላይ እንዲካካስ አደረገች። እንዲህ ያለ አሠራር ያለው ኩባንያ ለስላሳ ክረምት አያስፈራውም፤ ደንበኞቹ ኃይል ቢቆጥቡም አይከፋውም።

ያቺው ካሊፎርኒያ ግን በ2000 እና በ2001 ሌላ ስህተት ሠራች። ኩባንያዎቹ ኤሌክትሪክ ከጅምላ ገበያ በየዕለቱ ዋጋ እንዲገዙ ተደረገ፤ ለደንበኛ የሚሸጡበት ዋጋ ግን ባለበት ታስሮ ነበር። የጅምላው ዋጋ ሲፈነዳ በውድ ገዝተው በርካሽ መሸጥ ግዴታ ሆነባቸው። ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በኤፕሪል 2001 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ መክሰሩ ነው።

ቴክሳስን በፌብሩዋሪ 2021 የመታው የበረዶ ማዕበል ደግሞ ነገሩን በቀናት ውስጥ አሳይቷል። ማመንጫዎችና የጋዝ መስመሮች በረዱ፤ የጅምላው ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት 9,000 ዶላር ደርሶ ለቀናት እዚያው ቆየ። ያ ማለት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ነው፤ በምሳሌያችን 10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው። ብራዞስ የተባለው የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሒሳብ መጣበትና ማርች 1 ቀን ለኪሳራ አመለከተ። ማኅበሩ ብዙ ዓመት በሰላም የኖረ ነው፤ የወደቀው በአንድ ሳምንት ነው።

በወረቀት ያለ ትርፍ

የእነዚህን ኩባንያዎች የሀብትና ዕዳ መግለጫ ያየ ሰው በሌላ ዘርፍ የማያገኘው አንድ መስመር ያገኛል። በተቆጣጣሪው ውሳኔ የተፈጠረ ንብረት ነው። ማዕበል መጥቶ ምሰሶ ጣለ እንበል። ጥገናው 60 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። ሌላ ኩባንያ ቢሆን ወጪውን በዚያው ዓመት ከትርፉ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ግን ኮሚሽኑ ወደፊት ከደንበኛ ሰብስበው ይለኛል ብሎ ስለሚያምን፣ ወጪውን እንደ ንብረት መዝግቦ ለዓመታት ያቆየዋል። ይህ ንብረት አይነካም፣ አይሸጥም፤ የቆመው በኮሚሽኑ ቃል ላይ ነው። ኮሚሽኑ ከደገፈው እንደ ወርቅ ነው፤ ካልደገፈው በአንድ ቀን ይሰረዛል። ድምሩ ከባለአክሲዮኖቹ ካፒታል አንጻር ስንት እንደሆነ ማየት ይበጃል። ወጪው ሲበዛ አንዳንድ ግዛቶች በሕግ የተደገፈ ልዩ ቦንድ እንዲሸጥና ገንዘቡ በደንበኞች ሒሳብ ላይ በሚታከል ትንሽ ክፍያ ለዓመታት እንዲመለስ ያደርጋሉ። ደንበኛው ወለዱ ይረክስለታል፤ ኩባንያው ገንዘቡን ቶሎ ያገኛል፤ ከዚያ ገንዘብ ግን ትርፍ አያገኝም።

ሌላም አለ። ትልቅ ማመንጫ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመታት ይወስዳል። በግንባታው ዘመን የታሰረው ገንዘብ የሚገባው ገቢ በወረቀት ይሰላና ከዓመቱ ትርፍ ጋር ይደመራል፤ በእጅ ግን የገባ ነገር የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ስለዚህ ትርፉን ብቻ አይቶ መደሰት አይገባም፤ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ማገላበጥ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለግንባታ የሚያወጡት ከሥራቸው ከሚያገኙት ጥሬ ገንዘብ ይበልጣል። ጉድለቱን በብድርና በአዲስ አክሲዮን ይሞላሉ፤ በዚያው ላይ የትርፍ ድርሻ ይከፍላሉ። ገበያው እስካመናቸው ድረስ ይህ ያለችግር ይሄዳል። እምነቱ ሲላላ ወለዱ ይወደዳል፤ አዲሱ አክሲዮን በርካሽ ይሸጣል፤ የነባሩ ባለቤት ድርሻም ይሳሳል። የብድር ብቃት ደረጃ የሚያወጡት ድርጅቶች አብዝተው የሚከታተሉት ልኬት፣ ከሥራ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ ከጠቅላላው ዕዳ ስንት በመቶ ነው የሚለው ነው። ዕዳውንም ስታዩ የማከፋፈያው ኩባንያ ዕዳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከበላዩ ያለው ባለቤት ኩባንያ ለብቻው የተበደረው ካለ፣ ያን የሚከፍለው ከታች ከሚመጣለት የትርፍ ድርሻ ነው። ቅድም ያነሳነው ኢንሱል በኩባንያ ላይ ኩባንያ ደራርቦ የገነባው ድርጅት በ1932 የፈረሰው በዚሁ ዓይነት ዕዳ ሲሆን፣ ኮንግረስም በ1935 እንዲህ ያለውን መደራረብ የሚገድብ ሕግ አወጣ።

የወረቀቱ ትርፍና የኮሚሽኑ ቃል አብረው ሲወድቁ ምን እንደሚመስል ያሳየችው ደቡብ ካሮላይና ናት። ስካና የተባለው ኩባንያ በቪ.ሲ. ሰመር ጣቢያ ሁለት የኑክሌር ማመንጫዎች መገንባት ጀመረ። በ2007 የወጣ የግዛቱ ሕግ የግንባታውን ወጪ ገና ሳያልቅ ከደንበኞች እንዲሰበስብ ፈቅዶለት ነበር፤ ታሪፉም ዘጠኝ ጊዜ ከፍ አለ። ለባለሀብቱ ከዚህ የተሻለ ሕግ የሚገኝ አይመስልም ነበር። ሥራ ተቋራጩ ዌስቲንግሃውስ በማርች 2017 ከሰረ። በጁላይ መጨረሻ፣ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ከፈሰሰ በኋላ፣ ግንባታው ተቋረጠ። ሁለቱ ማመንጫዎች አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አላመነጩም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ፖለቲከኞቹ ታሪፉን ቆረጡ፤ ኩባንያው የትርፍ ድርሻውን በ80 በመቶ ቀነሰ፤ በጃንዋሪ 2019 ዶሚኒየን የተባለ ሌላ የኃይል ኩባንያ ጠቀለለው። የቀድሞው ዋና ሥራ አስፈጻሚም በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ ታሰረ። ሕጉ ገንዘቡን አስገኝቶ ነበር፤ የሕዝቡን ትዕግሥት ግን አላስገኘም።

በአጎራባቿ ጆርጂያ በቮግትል ጣቢያ የተጀመሩት ተመሳሳይ ሁለት ማመንጫዎች ሥራ የጀመሩት በ2023 እና በ2024 ነው። ሰባት ዓመት ዘግይተዋል፤ ወጪያቸውም መጀመሪያ ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ግን አለቁ፤ ኮሚሽኑም የወጪውን ትልቁን ክፍል ተቀበለ። ሁለቱን ጣቢያዎች ከምሕንድስናው ይልቅ የለያያቸው የግዛቱ ባለሥልጣናትና የኮሚሽኑ ጽናት ይመስለኛል።

የፍላጎት ትንበያ

ዛሬ በዘርፉ ትልቁ ወሬ የኮምፒውተር መረጃ ማዕከላት ናቸው። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ባለበት ከቆመ በኋላ ማደግ ጀምሯል፤ አንዱ ማዕከል ብቻውን የአንድ ከተማን ያህል ኃይል ሊጠይቅ ይችላል። ለኩባንያው ይህ አዲስ መስመር፣ አዲስ ማመንጫ፣ ማለትም አዲስ ትርፍ ነው። ማዕከሉ ሳይመጣ ቢቀር ወይም በአምስት ዓመቱ ቢዘጋ ግን የ40 ዓመት ንብረት ያለ ከፋይ ይቀራል፤ ወይ ሌላው ደንበኛ ይሸከመዋል፣ ወይ ኮሚሽኑ ከባለአክሲዮኑ ይቀንሰዋል። በ2025 የኦሃዮ ኮሚሽን የወሰደው እርምጃ ይህን የሚመለከት ነው፤ አዲስ ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ካስያዙት ኃይል ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም ቢያንስ የ85 በመቶውን ክፍያ እስከ 12 ዓመት ድረስ እንዲከፍሉ አዘዘ። እንዲህ ያለ ውል ያለውና የሌለው ኩባንያ በወረቀት አንድ ዓይነት የዕድገት ዕቅድ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ሥጋታቸው ግን ለየቅል ነው።

ትንበያ ያዋረደው የመጀመሪያው ትውልድ አይደለንም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፍጆታ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በየአሥር ዓመቱ እጥፍ ሲሆን ኖሮ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት የሚገኝ የሕዝብ ኃይል አቅራቢ ድርጅት ያ ዕድገት ይቀጥላል ብሎ አምስት የኑክሌር ማመንጫዎች ጀመረ። ያለቀው አንዱ ብቻ ነው። በ1983 የ2.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ መክፈል አቃተው፤ በማዘጋጃና በግዛት ቦንዶች ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ተወዳዳሪ ያልነበረው ነው።

በመዝገብ የማይታየው

አሁን ወደ መጀመሪያው እሳት እንመለስ። በካሊፎርኒያ ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያ መሣሪያ እሳት ካስነሳ፣ ኩባንያው ቸልተኛ ሆነም አልሆነም፣ ለጠፋው ንብረት ካሣ ይከፍላል። የሕጉ ሐሳብ፣ ኩባንያው ወጪውን በታሪፍ አማካይነት ለሁሉም ደንበኞች ያከፋፍለዋል የሚል ነበር። ታሪፉን የሚያጸድቀው ኮሚሽን ግን ኩባንያው በጥንቃቄ ካልሠራ ወጪውን ከደንበኛ አታስከፍልም ይላል። ፍርድ ቤቱ ክፈል ሲል ኮሚሽኑ አትሰብስብ ካለ፣ መሀል ላይ የሚቆመው የባለአክሲዮኑ ካፒታል ነው። የዚያ እሳት ሥጋት እስከዚያ ማለዳ ድረስ በሀብትና ዕዳው መግለጫ ላይ እንደ ዕዳ አልተመዘገበም፤ በሪፖርቱ የሥጋት ምዕራፍ ውስጥ ከሌሎች ብዙ አንቀጾች ጋር በቃላት ብቻ ተጽፎ ነበር።

ከኪሳራው በኋላ፣ በ2019፣ ግዛቱ ለወደፊት እሳቶች ካሣ የሚውል 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ ፈንድ በሕግ አቋቋመ፤ ገንዘቡን ደንበኞችና ባለአክሲዮኖች ይካፈሉታል። ሃዋይ እንዲህ ያለ ፈንድ አልነበራትም። በኦገስት 2023 ላሃይና የምትባለዋ ከተማ በእሳት ስትወድም ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሃዋይ ኤሌክትሪክ ባለቤት ኩባንያ አክሲዮን በቀናት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ የትርፍ ድርሻው ታገደ፤ የብድር ብቃት ደረጃውም ሥጋት ካለባቸው ተርታ ተመደበ። ኩባንያው የካሊፎርኒያውን ታሪክ አንብቦታል፤ ከዚያ የተማረውን ምሰሶው ላይ ለማድረስ ግን ጊዜው አልበቃም።

በእኔ አስተያየት ዓመታዊ ሪፖርት የሚያነብ ሰው ከትርፉ ቀጥሎ መፈለግ ያለበት ሊሰለች የሚችል ነገር ነው። የመስመሮቹ አማካይ ዕድሜ ስንት ነው? በምሰሶዎቹ ላይ በዓመት ስንት ምርመራ ታቅዶ ስንቱ ተሠራ? የጥገናው ወጪ ከንብረቱ ዕድገት ጋር አብሮ እያደገ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል? ኮሚሽኑ ለዛፍ ማስወገጃ የፈቀደው ገንዘብ ለዚያው ዋለ ወይ? በ2019 የፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክን የአመክሮ ጉዳይ የያዘው የፌዴራል ዳኛ፣ ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች ቢሊዮኖችን እያከፋፈለ በመስመሮቹ ዳር ያሉትን ዛፎች ሳይቆርጥ ቆይቷል ብሎ በግልጽ ወቅሶታል። ይህ መረጃ ባለሀብቶች ከሚያነቡት ሪፖርት ይልቅ ለኮሚሽኑ በሚገቡ ሰነዶች ውስጥ ይገኛል። ሰነዶቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የሚያነባቸው ግን ጥቂት ነው።

ኩባንያው በ2020 ከኪሳራ ሲወጣ ለተጎጂዎች 13.5 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ግማሹ በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሹ በራሱ በኩባንያው አክሲዮን ነበር። በዚህም ቤታቸው የተቃጠለባቸውንና ቤተሰባቸውን ያጡትን የሚወክለው የአደራ ፈንድ ከኩባንያው ከአንድ አምስተኛ በላይ ባለቤት ሆነ። ቤት መልሰው መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች አክሲዮኑ ዛሬ ወጣ ወይስ ወረደ እያሉ ዓመታት ጠበቁ፤ ፈንዱም ጥቂት ጥቂት እያለ ሸጠው። በእነዚያ ዓመታት በበጋ ነፋስ በተነሳ ቁጥር፣ ከዚያው ኩባንያ ገመድ ሌላ እሳት ቢነሳ፣ የመጀመሪያው እሳት ተጎጂዎች ካሣም አብሮ ይቀንስ ነበር።